አዳማ ላይ ለሳኝ ስትቀጥሩ፦ ከማንኳኳት እስከ መጨረሻው ክፍያ

የሳሎኔን አንድ ግድግዳ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቴ አስለስኛለሁ። የመጀመሪያውን ለሳኝ መንገድ ዳር አገኘሁት። በአምስት ደቂቃ ተስማማን። በጨረሰበት ቀን ሙሉ ሒሳቡን ከፈልኩ፤ «ነገ አገር ቤት ልሄድ ነው» ብሎኝ ነበር። በሁለተኛው ወር ግድግዳው ሲነካ እንደ ባዶ ጀሪካን መጮኽ ጀመረ። በሦስተኛው ወር ልስኑ እንደ በሰለ እንጀራ ተነሳ።

ሰውየውን ብዙ አማሁት። ሁለተኛው ለሳኝ መጥቶ ሲያስረዳኝ ግን ግማሹ ጥፋት የኔ ነበር። ግድግዳው ቀድሞ አልረጠበም። የገዛሁት አሸዋ አፈር ነበረው። ከተለሰነ በኋላም አንድ ባልዲ ውሃ አላየም። ልስን በብዛት የሚበላሸው ለሳኙ ከመምጣቱ በፊትና ከሄደ በኋላ ነው። በሁለቱም ጊዜ ቤት ያላችሁት እናንተ ናችሁ። የመለሰኛ ማንኪያውን ለባለሙያው ተዉትና የእናንተን ሥራ በቅደም ተከተል ያዙ።

## 1. ሰው ከመጥራታችሁ በፊት ግድግዳውን አንኳኩ

ሳንቲም ወይም የቢላ እጀታ ያዙ። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች፣ በየስንዝሩ አንኳኩ። የያዘ ልስን ድፍን ድምፅ ይሰጣል። የለቀቀው ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ባዶ የሚጮኸውን ቦታ በጠመኔ ክበቡት። ሲጨርሱ አብዛኛው ግድግዳ ተከቦ ካገኛችሁት ጥገናውን እርሱት። ሙሉውን ማርገፍ ይሻላል። እዚህም እዚያም እየለጠፉ መጠገን ድካሙ ያው ነው፣ መልኩ ግን የተጣፈ ሱሪ ይመስላል።

ስንጥቁን ለዩ። ሁሉም ስንጥቅ የለሳኝ ሥራ አይደለም።

- እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ ቀጭን ስንጥቅ፦ ልስኑ በፍጥነት ደርቆ ነው። ድምፁ ድፍን ከሆነ በስቱኮ (ከቀለም በፊት በሚቀባው ማለስለሻ) እና በቀለም ይሸፈናል። ለዚህ ብቻ ለሳኝ አትጥሩ።
- ግድግዳው ከኮንክሪቱ ምሰሶ ወይም አግዳሚ ጋር በሚገናኝበት መስመር ቀጥ ብሎ የሄደ፦ ብሎኬትና ኮንክሪት በሙቀት እኩል አይንቀሳቀሱም። መገናኛው ላይ የሽቦ መረብ ሳይለጠፍ ከተለሰነ ብዙ ጊዜ ይሰነጠቃል።
- ከመስኮት ወይም ከበር ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ፣ ወይም በብሎኬቶቹ መጋጠሚያ እንደ ደረጃ የሚወርድ፦ ቤቱ ራሱ እየተንቀሳቀሰ ሊሆን ይችላል።

ለሦስተኛው ዓይነት ጊዜ ስጡት። የስንጥቁን ሁለት ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርጉና ቀኑን አጠገቡ ጻፉ። አንድ ወር ጠብቁ። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የነበረው ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ አዳማም ድረስ ተሰምቷል። ከዚያ ወዲህ የታየ ስንጥቅ ካላችሁ ይህን የአንድ ወር ጥበቃ አትዝለሉት። ስንጥቁ ምልክቱን ካለፈ፣ እርሳስ የሚያስገባ ያህል ከሰፋ ወይም በር መዝጋት ካስቸገረ መጀመሪያ መሐንዲስ ጥሩ። የሚንቀሳቀስ ግድግዳ ላይ የተለሰነ ልስን የተጣለ ገንዘብ ነው።

እርጥበቱን ፈልጉ። ከወለሉ በላይ ጉልበት ድረስ ቀለሙ ካበጠና ነጭ ዱቄት ከወጣው ውሃ አለ ማለት ነው። ዱቄቱ ውሃው ይዞት የወጣ ጨው ነው። ከየት እንደሚመጣ ሳታውቁ አታስለስኑ። ግድግዳው ጀርባ የተቀበረ ቧንቧ አለ? የጣሪያው አሸንዳ ግድግዳው ሥር ይፈሳል? ውጭ ያለው አፈር ከቤቱ ወለል ከፍ ብሏል? ምንጩን አድርቁ፣ ከዚያ ጥቂት ሳምንት ጠብቁ። «ውሃ መከላከያ ቀላቅዬ እለስነዋለሁ» የሚላችሁን አመስግናችሁ ሸኙት። ውሃው በሌላ በኩል ይወጣል።

## 2. ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ተናገሩ

ለለሳኙ በስልክ የምትነግሩት የመጀመሪያው ነገር ይህ ይሁን። ብሎኬት ነው ወይስ ጭቃ?

የአዳማ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ የእንጨትና የጭቃ ናቸው። ሲሚንቶ ጭቃን አይወድም። ጭቃው ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ሲሚንቶው ግን ድርቅ ብሎ ይቀራል። በመጨረሻ ይላቀቃሉ። ሁለት ምርጫ አላችሁ። ወይ በጤፍ ጭድ በደንብ የቦካ ጭቃ አስመርጉት፤ ለዚህ የሚሻለው ምርጊት የሚያውቅ ሰው ነው፣ የብሎኬት ለሳኝ አይደለም። ወይ የዶሮ ሽቦ በምስማር እንጨቱ ላይ በጥብቅ አስመትታችሁ በላዩ በሲሚንቶ አስለስኑ። ሁለተኛውን ከመረጣችሁ ሽቦው ጭቃውን ሳይሆን እንጨቱን መያዙን ቆማችሁ እዩ። እርጥበት ያለበት ወይም ምስጥ የገባበት ቤት ላይ ግን ይህን አትሞክሩት። ሲሚንቶው ውሃውን አምቆ እንጨቱን ያበሰብሰዋል።

ብሎኬት ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ብቻ ቀዳዳው የበዛ ቀላል ብሎኬት ውሃ በጣም ይጠጣል። ስለ ማርጠብ ስንነጋገር ይህን አስታውሱ።

## 3. ካሬውን ራሳችሁ ለኩ

ሜትር ያዙ። 4 በ4 የሆነ፣ ከፍታው 2.80 የሆነ ክፍል እንውሰድ። ዙሪያው 16 ሜትር ነው። 16 በ2.80 ሲባዛ 44.8 ካሬ። አንድ በርና አንድ መስኮት ሲቀነሱ ወደ 41 ካሬ ይቀራል።

አሁን ማቴሪያል። 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በ1 ሲሚንቶ ለ4 አሸዋ የተቦካ ልስን ብክነቱን ጨምሮ በካሬ 8 ኪሎ ያህል ሲሚንቶ ይበላል። ለ41 ካሬ 328 ኪሎ፤ ማለትም 7 ባለ 50 ኪሎ ከረጢት። አሸዋው 1 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ለሳኙ 15 ከረጢት ካላችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ግድግዳው ጠማማ ከሆነ እውነት ሊሆን ይችላል። 3 ይበቃል ካላችሁ ግን ልስኑ አሸዋ ብቻ ሊሆን ነው።

አንድ ማሳሰቢያ። አንዱ ኩንታል ሲል 100 ኪሎ ማለቱ ነው፣ ሌላው አንዷን ከረጢት ኩንታል ይላታል። በዚህ ቃል ብቻ ስንት ሰው ተጣልቷል። ሁልጊዜ «ባለ 50 ኪሎ ከረጢት» ብላችሁ ተናገሩ።

## 4. ሰው ፈልጉ

ጠዋት ጠዋት ሠራተኛ ከሚቆምበት ቦታ የቀን ሠራተኛ ይገኛል። ጥሩ ለሳኝም አይጠፋም። ግን እዚያ ቆማችሁ ማወቂያ የላችሁም። እኔ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው።

በሰፈሬ ካለፈው ክረምት በፊት ቤት ያስለሰነ ሰው እፈልጋለሁ። ትናንት ያለቀ ልስን ሁሉ ያምራል፤ ክረምትና በጋ ያሳለፈ ልስን ግን ይናገራል። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ እዚያም አንኳኩ። ጥግ ጥጉን እዩ። ደግሞም «ከጨረሰ በኋላ ስትደውሉለት ያነሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። የቀለምና የፊኒሺንግ ዕቃ ሻጮችም ማን ጥሩ እንደሚሠራ ያውቃሉ። ግን አንዳንዱ የሚጠቁመው ዘመዱን ነው፣ ስለዚህ ሥራውን ሳታዩ አትስማሙ።

ሦስት ሰው ቤት ድረስ አስመጡ። ለሦስቱም እነዚህን ጠይቁ፦

- «አሮጌውን ልስን ምን ታደርገዋለህ?» ትክክለኛው መልስ የለቀቀውን አርግፌ፣ ብሎኬቱን ጠርጌ አረጥባለሁ የሚል ነው። «በላዩ እለጥፋለሁ» ካለ አይሆንም።
- «ለውስጥ ግድግዳ ስንት ለስንት ታቦካለህ?» ሳያመነታ ቁጥር መንገር አለበት።
- «ከጨረስክ በኋላ ስንት ቀን ውሃ ይጠጣ?» እኔ ሰው የምመርጠው በዚህ ጥያቄ ነው። «አንድ ሁለት ቀን» ያለኝን አልቀጥርም።

ግድግዳውን ሳያንኳኳ፣ ሳይለካ፣ በር ላይ ቆሞ ዋጋ የሚጠራውንም ተዉት።

## 5. ዋጋ ተነጋገሩ

ብር አልጠራላችሁም፤ ዛሬ የጻፍኩት በሚቀጥለው ወር አይሠራም። ዋናው ነገር ሦስቱም ለአንድ ዓይነት ሥራ ዋጋ መስጠታቸው ነው። አንዱ የእጅ ዋጋ ብቻ፣ ሌላው ከነማቴሪያሉ ከነገራችሁ ማወዳደር አትችሉም።

ለአዲስ ልስን በካሬ ተስማሙ። ለጥገና በቁርጥ ይሻላል፣ ምክንያቱም ትንንሽ ቦታ በካሬ ሲቆጠር ለሠራተኛው አያዋጣም። በቀን ሒሳብ መሥራት የሚያዋጣው አጠገቡ መዋል ለሚችል ሰው ብቻ ነው። ከመስማማታችሁ በፊት እነዚህን አጥሩ፦ በርና መስኮት ከካሬው ይቀነሳል? የመስኮቱ ጎንና ጎን ለብቻ ይቆጠራል? አሮጌውን ማርገፍ፣ ፍርስራሹን ማውጣት፣ መወጣጫ ማምጣት የማነው? ፍርስራሹ ላይ የሚነሳው ጭቅጭቅ ከልስኑ ይብሳል።

ማቴሪያሉን ራሳችሁ ግዙ። ቢያደክምም።

## 6. ውል ጻፉ፣ «ቀብድ» የምትለዋን ቃል ተጠንቀቁ

አንድ ገጽ ይበቃል። ሁለታችሁም በምታነቡት ቋንቋ ጻፉት። ሁለት ምስክር ይፈርም። እንዲህ ይጀምር (ርጭት ማለት ከልስኑ በፊት ግድግዳው ላይ የሚወረወር ቀጠን ያለ የሲሚንቶና የአሸዋ ቡኮ ነው)፦

«እኔ (ሙሉ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ስልክ) በአዳማ ከተማ በ… ክፍለ ከተማ የሚገኘውን ቤት የሳሎን ውስጥ ግድግዳ፣ 41 ካሬ፣ ባዶ የሚጮኸውን አሮጌ ልስን አርግፌ፣ ርጭት ረጭቼ፣ በ1 ሲሚንቶ ለ4 አሸዋ፣ በ2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ልለስን፣ ፍርስራሹን ከግቢ ላወጣ፣ ከ… ቀን እስከ … ቀን ልጨርስ ተስማምቻለሁ። ርክክብ ላይ ባዶ የሚጮኽ ቦታ ቢገኝ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አስተካክላለሁ።»

አሁን ቀብድ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1885 ስለ ቀብድ ይናገራል። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ሰው ቀብዱን ለቅቆ ውሉን መተው ይችላል። የተቀበለውም እጥፉን መልሶ መተው ይችላል። ስለዚህ የምትሰጡት ገንዘብ የሥራው የመጀመሪያ ክፍያ ከሆነ «ቅድሚያ ክፍያ» ብላችሁ ጻፉት። ሁለቱ በአፍ አንድ ይመስላሉ፣ በወረቀት ግን አይደሉም።

አከፋፈል። ማቴሪያሉ የእናንተ ከሆነ ብዙ ቅድሚያ መስጠት አያስፈልግም። እኔ በሦስት እከፍላለሁ። አሮጌው ረግፎ ርጭቱ ሲያልቅ 30 በመቶ። ልስኑ ሲያልቅ 40 በመቶ። የቀረው 30 በመቶ ከ10 ቀን በኋላ፣ ካንኳኳን በኋላ። ግን ሰውየውን አታንቁት። የቀን ሠራተኞቹን በየማታው የሚከፍለው እሱ ነው። ደረጃው ሲደርስ በዚያው ማታ ክፈሉ። የሚከፈለው ሰው ይመለሳል፣ የሚጉላላ ስልኩን ያጠፋል።

መሐል ላይ ጥሎ ከጠፋስ? የተሠራውን ፎቶ አንሱ፣ ካሬውን ለኩ፣ ምስክሮቹ ባሉበት ጻፉ። ሌላ ሰው ከዚህ በኋላ አስገቡ። ይህን ሳታደርጉ ካስቀጠላችሁ ማን ምን እንደሠራ ማንም አይለየውም።

## 7. ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ውሃ

ለልስን ፒፒሲ (PPC) የተባለው፣ ፖዞላና የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ይበቃል። ኦፒሲው (OPC፣ ተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) የኮንክሪት ነው፤ ለልስን ቶሎ ይጠነክራል፣ ይሰነጠቃል። ከረጢቱን ስትነኩ ድንጋይ የሆነ ጓል ካለ አትግዙ። ቤት ስታስገቡት መሬት ላይ አታስቀምጡት፣ ጣውላ ላይ ደርድሩት።

አሸዋውን ከመኪና ሳይራገፍ ፈትሹ። ከቆቃም ይምጣ ከላንጋኖ፣ ሻጩ «ንጹሕ ነው» ይላል። ቀጥ ያለ ጠርሙስ ግማሹን በአሸዋ ሙሉት፣ ውሃና አንድ ማንኪያ ጨው ጨምሩ፣ በደንብ ናጡት፣ ሁለት ሦስት ሰዓት አስቀምጡት። አሸዋው ከታች ይተኛል፣ አፈሩ በላዩ ይተኛል። ለ10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አፈሩ ከ6 ሚሊ ሜትር ከበለጠ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ። ሾፌሩ ሁለት ሰዓት አይጠብቅም፤ እውነት ነው። ስለዚህ ቀድማችሁ ሄዳችሁ አንድ ከረጢት ናሙና አምጡ። ጊዜ ከሌላችሁ እርጥብ አሸዋ መዳፋችሁ ላይ እሹት። ጭቃ ከለጠፈባችሁ በቂ መልስ ነው።

ውሃው ሲጠፋ ሥራው ይቆማል። ሮቶውንና በርሜሉን ሥራው ከሚጀመርበት ቀን በፊት ሙሉ።

## 8. በሥራው ቀናት ቆማችሁ የምታዩት

ከዋዜማው። ዕቃ አውጡ፣ የቀረውን በላስቲክ ሸፍኑ። አዲስ የመብራት ቱቦ የሚቀበር ከሆነ ኤሌክትሪሻኑ ከለሳኙ በፊት ይጨርስ። በተለሰነ ግድግዳ ላይ መልሶ መፈልፈል ቂልነት ነው። ሲያረግፉ ብሬከሩን አጥፉ፤ አሮጌ ቤት ውስጥ ሽቦ የት እንደተቀበረ ማንም አያስታውስም። ፍርስራሽ ዓይን ያጠፋል፣ መነጽር የሌለውን ሠራተኛ አታስጀምሩ። የአጠና መወጣጫ ከሆነ ማሰሪያውን ወዝውዛችሁ እዩ።

ማታውን ብሎኬቱን አረጥቡት። ጠዋት ደግሞ አንዴ። ውሃው መንጠባጠብ የለበትም፣ ግድግዳው ጠጥቶ መጥገብ ነው ያለበት። የደረቀ ብሎኬት የልስኑን ውሃ በደቂቃ ይመጠዋል፣ ልስኑም ሳይይዝ ይደርቃል። የኔ ሳሎን ታሪክ ይኸው ነው።

ርጭት። ቀጠን ብሎ የተቦካ 1 ለ3 በማንኪያ ይወረወራል። ሸካራ ሆኖ ይቀራል፣ እንዲህም ይቅር። ቢያንስ አንድ ቀን እየረጠበ ይደር። «በአንድ ቀን ሁሉንም እጨርሳለሁ» ከተባለ እምቢ በሉ።

መገናኛዎች። ብሎኬትና ኮንክሪት በሚገናኙበት ሁሉ፣ ቱቦ በተቀበረበትም መስመር ላይ፣ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሽቦ ይመታ። ይህን ፎቶ አንሱ። ከተሸፈነ በኋላ ማረጋገጫ የለም።

ነጥብና መስመር። ጎበዝ ለሳኝ በቀጥታ መለጠፍ አይጀምርም። በቱንቢና በውሃ ልክ ትናንሽ ነጥቦች ያስቀምጣል፣ ነጥቦቹን በመስመር ያገናኛል፣ ከዚያ መሐሉን ይሞላል። ነጥብ ሳያስቀምጥ የጀመረ ካለ ሥራውን አስቁሙ። ከ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል በላይ መሙላት የሚፈልግ ጎድጓዳ ካለ በአንዴ አይሞላ። በሁለት ዙር ይሁን፤ የመጀመሪያው ዙር ይጫር፣ ይደር፣ ከዚያ ሁለተኛው።

ሁለት መጥፎ ልማዶች አሉ። አንደኛው፣ የጠነከረ ቡኮ ውሃ እየጨመሩ መልሶ ማላላት። የተቦካው በአንድ ሰዓት ገደማ ማለቅ አለበት፣ የቀረው ይጣል። ሁለተኛው፣ ቶሎ እንዲደርቅ ፊቱ ላይ ደረቅ ሲሚንቶ መበተን። ያኔ ፊቱ መስታወት ይመስላል። በኋላ ግን ያ ስስ ፊት ብቻውን ይሰነጠቃል።

ነፋሱ። ከተማችን ዳር የነፋስ ማመንጫዎች የተተከሉት በከንቱ አይደለም። በበጋ ከሰዓት በኋላ ፀሐይና ነፋስ በሚመታው ግድግዳ ላይ አታስለስኑ። ጠዋት የምዕራቡን፣ ከሰዓት የምሥራቁን ያዙ። መስኮት ያልተገጠመለት ቤት ከሆነ ክፍት ቦታውን በሸራ ጋርዱ። የውጭ ግድግዳን ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ባትነኩት ይሻላል። ዝናቡ ርጭቱን አጥቦ ይወስደዋል።

## 9. ሰባት ቀን ውሃ አጠጡ

ይህ ምዕራፍ የእናንተ ብቻ ነው። ለሳኙ ሄዷል። ልስኑ ካለቀ በማግስቱ ጀምሩ፣ ለ7 ቀን፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እርጩ። ነፋሻ ከሆነ አራተኛም ጨምሩ። በባልዲ አትድፉበት። በፖምፕ ወይም በተበሳ ሃይላንድ ጠርሙስ እርጩ። ውጭ ላለው ግድግዳ የማዳበሪያ ጆንያ አርጥባችሁ ስቀሉበት።

ሥራ የምትውሉ ከሆነ ለጎረቤት ልጅ ትንሽ ከፍላችሁ የቀትሩን አስረክቡ። ሁለት ቀን ከዘለላችሁ ስንጥቁ ብዙ ሳይቆይ ሊታይ ይችላል፤ ያኔ ለሳኙን መጥራት አያስኬድም።

## 10. ርክክብ፣ ከዚያ ቀለም

በ10ኛው ቀን ለሳኙን ጥሩት። አብራችሁ አንኳኩ። ማታ ከሆነ ደግሞ የስልክ መብራት ከግድግዳው ጎን አስጠግታችሁ አብሩ፤ ቀን የማይታይ ጉብታ ሁሉ ጥላ ይጥላል። 2 ሜትር ቀጥ ያለ ጣውላ አስደግፉ። ሥሩ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ካለ ይስተካከል።

መዳፍ የሚያህል ባዶ ድምፅ አንድ ቦታ ካገኛችሁ ቦታው በመሮ ይቆረጥ፣ ይረጠብ፣ ይለሰን። በየቦታው ከሆነ ግን የመጨረሻውን ክፍያ ያዙና ውሉን አውጡ። ቀጭን የሸረሪት ድር ስንጥቅ ብቻ ከሆነ አትጣሉ። እውነቱን እንነጋገር፣ ምናልባት የቀትሩ ውሃ ተዘሎ ይሆናል።

ቀለም ቀቢው ቶሎ ልቀባ ይላችኋል። ልስኑ ቢያንስ 4 ሳምንት ይደር። ከዚያም ቁራጭ ላስቲክ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ዙሪያውን አሽጋችሁ ለጥፉና አንድ ቀን ተዉት። ላስቲኩ ከውስጥ ደረቅ ከሆነ ስቱኮና ጂፕሰም ማስጀመር ትችላላችሁ። ጤዛ ከያዘ ላስቲኩን ንቀሉ፣ መስኮቱን ክፈቱ፣ ከሳምንት በኋላ እንደገና ለጥፉ።